ለእሑድ የሚጠና ግስ

ልብስ ተኳሿ በሃምሳ ዓመቷ ትምህርት የጀመረችው በሆቴሉ ማጠቢያ ክፍል፣ በምሳ ሰዓት፣ ገና ያልቀዘቀዘ የአንሶላ ክምር ተደግፋ ነው። አስተማሪዋ የቦይለሩ ሠራተኛ ነበር። ሃያ ዓመት በጭነት መርከብ ላይ ምግብ ሲያበስል ስፓኒሽ የለመደ ሰው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሲሳደብበት ነው የሚያምርበት።

"ግሱ አብላር ነው፤ መናገር ማለት። ጭራውን፣ አር የሚለውን፣ ቆርጠሽ ሌላ ትቀጥይበታለሽ። እኔ እናገራለሁ፣ አብሎ። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ አብላስ። እሷ ትናገራለች፣ አብላ።"

"ማንን ነው የማበላው ጋሼ?"

"ሳቂ፣ ሳቂ። እኛ፣ አብላሞስ። እናንተ፣ አብላይስ። እነሱ፣ አብላን። ይቺን ከያዝሽ በአር የሚጨርሱት ጨዋ ጨዋዎቹ ሁሉ በዚሁ ይሄዱልሻል።"

ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ባሏ ሞቶ፣ እሷም ሳንባዋን ታማ የማትነሣ መስሏት፣ የአራት ዓመት ልጇን ለስፔን ሰዎች በማደጎ ሰጥታለች። አገናኙ ደላላ፣ ያ አፈ ቅቤ፣ "እናት ያለው ልጅ አይወሰድም፤ አክስቷ ነኝ ብለሽ ፈርሚ" አላት። ፈረመች። በወረቀቱ ላይ እናትየው ሞታለች።

ልጅቷ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ሞላት። አክስቴን ብላ አፈላልጋ አገኘቻት። እሑድ ጠዋት በስልክ እየተያዩ ሊነጋገሩ ተቀጠሩ፤ አስተርጓሚም ተገኘች። ተኳሿ ግን ያቺን አንዲት እውነት በሰው አፍ ልታስነግር አልፈለገችም።

"በስልክ፣ እናትሽ ነኝ ለማለት ምን ይባላል?" ብላ የጠየቀችው ሐሙስ ዕለት ነው።

የቦይለሩ ሰው አገጩን አከከ። "አብላ ቱ ማድሬ። የምታናግርሽ እናትሽ ናት እንደ ማለት ነው።" ያ ቀባጣሪ፣ ያን ቀን እግዜር ልብ ሰጥቶት ሌላ አልጠየቃትም።

እስከ ቅዳሜ ማታ በእንፋሎቱ ውስጥ ስትደግመው ሰነበተች። ሁለት የትራስ ልብስ አቃጠለች፤ አለቃዋ አፏ እንዳመጣላት ተናገረቻት። ምን ገዷት!

እሑድ ልጅቷ ስልኩ ላይ ብቅ አለች። አገጯ የአባቷ ነው፤ ዓይኗ ቁርጥ የእናቷ። ተኳሿ እንባዋን ዋጥ አድርጋ አፏን ልትከፍት ስትል ልጅቷ ቀደመቻት፤ ብዙ፣ ቶሎ ቶሎ ተናገረች።

"እንዲህ ትላለች" አለች አስተርጓሚዋ ከስክሪኑ ጥግ። "'እንደኔ በማደጎ የመጡ ጓደኞች አሉኝ። እናቶቻቸው በሕይወት እያሉ እንደሰጧቸው ሲያውቁ ተሰበሩ፤ አንዷማ ራሷን ልታጠፋ ነበር። እኔ ግን እናቴ ሞታብኝ ነው እንጂ አልጣለችኝም። እሱን እያሰብኩ ነው ያደግኩት።'"

እስቲ ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ ይናገራል? ያ ሁሉ ጥናት ከንቱ ቀረ።

"'ስትሞት ተሠቃይታ ነበር ወይ?' ትላለች።"

"የለም" አለች ተኳሿ። "በእንቅልፏ ነው ያረፈችው በያት።"

የልጅቷ ፊት ፈካ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንድ ነገር ጨመረች።

"ለሚቀጥለው ወር ቲኬት ቆርጣለች። 'አበባ ይዤ መቃብሯን ማየት እፈልጋለሁ፤ ያሳዩኛል ወይ አክስቴ?' ትላለች።"

ተኳሿ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

"ትምጣ፤ አሳያታለሁ በያት።"