የሐምሮቁል ማጣበቂያ

ማርጊላን ከተማ ውስጥ ሐር ሲሸምኑ ያረጁት ሐምሮቁል ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገጠሙ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም፣ በባለቤታቸው በኦይኒሶ ፊት አንድም ቀን አውልቀውት አያውቁም። ከነጥርሳቸው ይተኛሉ። ጠዋት በር ዘግተው፣ ጥርሱን ከላንቃቸው የሚያጣብቁበትን አሮጌ ማጣበቂያ ሳያጥቡ አዲስ ይደርቡበታል። "ጀርም ይገድላል ተብሎ ተጽፎበት የለ? ምን ያሳጥበኛል!"

አንድ ሰሞን ላንቃቸው ቀልቶ እንደ እሳት ይለበልባቸው ጀመር። ትኩስ ዳቦ መቅመስ ሲያቅታቸው የጥርስ ሐኪሟ ማፍቱና ዘንድ ሄዱ።

"አባባ፣ ፈንገስ ነው።"

"ማጣበቂያው ይገድለው የለም እንዴ?"

ማፍቱና አልተከራከረችም። ከላንቃቸው በጥጥ የጠረገችውን ክብ የመስታወት ሳህን ላይ ዘርታ፣ መሐሉ ላይ ከዚያው ማጣበቂያ ጠብ አደረገችበት። በሁለተኛው ቀን ስታሳያቸው ሳህኑ ላይ ነጭ ፈንገስ ቢበቅልም፣ በጠብታው ዙሪያ ግን ምንም አልበቀለም።

"አላልኩሽም!" አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

"ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ይምጡ።"

ሲመለሱ ነጩ ነገር ጠብታውን ራሱን ወርሶታል።

"ትኩስ እያለ ይከላከላል" አለች። "ሲያረጅ ግን ጉልበቱ ያልቅና ጭራሽ የፈንገሱ መኖሪያ ይሆናል። የማዝልዎትን መድኃኒት ይውሰዱ፤ ጥርሱን ደግሞ ማታ ማታ አውልቀው፣ አጥበው፣ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት።"

"ማታማ አይሆንም!"

"ለምን?"

ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። "ባለቤቴ አለቻ!"

የዚያን ዕለት ምሽት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ጥርሱን ለማውለቅ ሲታገሉ ኦይኒሶ ደረሰችባቸው።

"የራቭሻን አባት፣ ምን ይደብቁኛል? አምና በሳምባ ምች ራስዎን ስተው ሆስፒታል ሲተኙ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጥርስዎን አውልቄ በእጄ ያጠብኩት እኔ አይደለሁ?"

ሐምሮቁል ክው አሉ። "እና... አየሽኝ?"

"አየሁዎት እንጂ! ልጃችን ራቭሻን ጥርስ ሳያበቅል፣ ቁርጥ እሱን ይመስሉ ነበር! ጉንጭዎን ስሜ ነው የወጣሁት።"

ሽማግሌው ጥርሱን አውልቀው ዞሩ።

"እንግዲህ ሻቂ!" አሉ ባዶ ድዳቸው እያኮላተፋቸው።

ኦይኒሶ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኮስተር ለማለት ቢሞክሩም አልሆነላቸውም፤ አብረው ሳቁ።

በሦስት ሳምንት ላንቃቸው ዳነ። ዛሬ የሚጨቃጨቁት የጥርሱን ማጠቢያ ብሩሽ ማን ይያዝ በሚለው ነው። "እርስዎ ጥጋጥጉን አያዳርሱም" ትልና ከእጃቸው ትነጥቃቸዋለች።