የወይኑ መርዶ

«ዛሬም አልተረዳም» አለች ሄድቪግ፣ ለልጇ ቡና እየቀዳች። «ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

ኡልሪከ ማን እንዳልተረዳ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ምድር ቤት ያለው ወይን ነው። በዚች የሞዝል ወንዝ ዳር መንደር የወይን ጌታ ሲሞት፣ ወራሹ ወርዶ እያንዳንዱን በርሜል እያንኳኳ ያረዳዋል። «ጌታህ ሞቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጌታህ እገሌ ነው» ይለዋል። ያልተረዳ ወይን ባለቤቱን ተከትሎ ይሞታል ይባላል። ጌታ ነኝ ብሎ የራሱን ስም የጠራ ሰው ደግሞ ወደኋላ አይልም። ኡልሪከ ደግሞ ኮሎኝ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ሰኞ ሥራ ትገባለች።

«አንቺ ንገሪው እማዬ።»

«ወርጄ ነበር። ስም ላይ ስደርስ የማንን እንደምጠራ ጠፋኝ። ሳልናገር ወጣሁ።»

ውጭ የበጋው የወይን በዓል ደርቷል። ጀልባው እንግዳ ያራግፋል፣ ጥሩንባው ይነፋል፣ የመንደሩ ግቢ ሁሉ ለወይን ቀማሽ ተከፍቷል። የነሱ በር ላይ ጥቁር ጥብጣብ ቢታሰርም የሃያ ዓመት ደንበኞች እየገፉት ይገባሉ። ኡልሪከ ከጠዋት ጀምሮ «አባቴ ሞቷል» ስትል ውላለች። እነሱም ደንግጠው የያዙትን ብርጭቆ የት እንደሚያኖሩት ይጨንቃቸዋል፤ መልሳ የምታጽናናቸው እሷ ናት። ከሐዘኑ ይልቅ ያደከማት ይሄ ነበር።

አባቷ አልፎንስ ክፉ ሰው አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ገደሉ ላይ ወዳለው የወይን ተክል ወስዷት፣ የራሱን ወገብ ያሰረበትን ገመድ ጫፍ ወገቧ ላይ ቋጥሮ የወይኑን ቅርንጫፍ መግረዝ አስተማራት። «እጅሽ ያውቃል» ብሏታል። ከዚያ ወዲያ አላመሰገናትም። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ በዚሁ በዓል፣ አንድ እንግዳ «ማን ይተካዎታል?» ብሎ ጠየቀው። ኡልሪከ አጠገቡ ቆማ ትቀዳ ነበር። «ከእኔ በኋላ ማንም የለም» አለ። ሽርጧን ፈታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና በማታው አውቶቡስ ሄደች። እሱም አልጠራት፣ እሷም አልተመለሰች።

ጎረቤታቸው ሁበርት ከቀብር የተረፈውን ኬክ እየቆረሰ ጠጋ አላት። «አባትሽ እኮ ይጸጸት ነበር። ሁልጊዜ ያነሳሽ ነበር።»

«አጎቴ ሁበርት፣ አይዋሹኝ።»

ሽማግሌው አኘከ፣ ዋጠ። «እሺ፣ አንስቶሽ አያውቅም። ሌላ ሰው ሲያነሳሽ ግን ተነስቶ ይወጣ ነበር።»

«ይሄ ይሻላል» አለች። እውነትም ተሻላት።

ሄድቪግ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም።

«ወዴት ነው?»

«ልንገረው። አባትሽ ያለውን እነግረዋለሁ፤ ማንም የለም እለዋለሁ። ሳያውቅ ከሚከርም እውነቱን ሰምቶ ይኮምጥጥ።»

ንግግሯ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ። ኡልሪከ እናቷን ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። ያንን ቃል ሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም ከእናቷ አፍ፣ መስማት አልቻለችም። ብቻዋን ወረደች።

ምድር ቤቱ ይቀዘቅዛል። የመጀመሪያውን በርሜል በጡጫዋ መታች። «ጌታህ አልፎንስ ሞቷል» አለችው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ስትለው የዋለችው ቃል ለበርሜሉ ስትለው ተሰበረባት። ግንባሯን እንጨቱ ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ ተቆጥታም፣ ናፍቃም አለቀሰች። ከዚያ የራሷን ስም ጠራች። አሥራ አንዱንም በርሜል እንዲሁ አረዳች። የመጨረሻው ላይ ድምጿ ሻክሮ ነበር።

ስትወጣ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ አዛውንት እንግዳ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ባለቤቱ የሉም እንዴ?»

«ሞቷል» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«እኔ ነኝ» አለችና፣ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ባዶውን ብርጭቆ ከእጃቸው ተቀበለች።