ወረፋ የማይጠብቅ ሜዳይ

ቱፋ ወረፋ ሲይዝ ድንጋይ አያስቀምጥም። ሌላው ሰው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ደጃፍ ላይ ድንጋዩን፣ ያለቀ ጫማውን ወይም ባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙሱን በተራው ደርድሮ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ስኳር መጣ ሲባል ብድግ ብሎ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ቦታው ላይ ይቆማል። ቱፋ ግን በዚያች በተጎዳች እግሩ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ ራሱ ይገተራል። ሰው ይየኝ ብሎ ነው። የሚያይ ጠፋ እንጂ።

የእጃጂ ልጅ ነው። ኦጋዴን ዘምቶ፣ የመድፍ ፍንጣሪ ጉልበቱን በልቶት ተመለሰና አምቦ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነ። ሜዳይ የለውም። ለምን እንደሌለው የሚጠይቀው ሰው ከተገኘ፣ ያ ሰው ያን ቀን ሌላ ሥራ አይሠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁስለኞቹ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ትልልቅ ሰዎች መጡና በየአልጋው እየዞሩ የቁስለኛ ሜዳይ ደረት ላይ ይሰኩ ጀመር። ካሜራ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ ከረሜላ እንኳ ሳይቀር አለ። ቱፋ በዚያች ሰዓት ሽንት ቤት ነበር። በክራንች ሄዶ በክራንች እስኪመለስ፣ አልጋው ባዶ ነው ተብሎ ታለፈ። ከጎኑ የተኛው ውባየሁ ደረቱ ላይ ኮከብ አብርቶ፣ ከረሜላ እየመጠጠ ጠበቀው።

"የት ሄደህ ነው? ሰዎቹ እኮ መጥተው ነበር" አለው።

ያቺን "እኮ" ቱፋ እስከ ዛሬ አልረሳትም። በኋላ ቢሮ ለቢሮ ቢዞር "ነገ ና" አሉት፤ ነገ ቢሄድ "ነገ ና" ያለው ሰው ተቀይሮ ጠበቀው።

ውባየሁ ደግሞ ማን መሰላችሁ? የጦሩ ወጥ ሠሪ። መድፉ የወደቀ ለት የፈላ የምስር ወጥ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ምሽጉ ይመጣ ነበር። ፍንዳታው መሬት ሲያነጥፈው ድስቱ ጀርባው ላይ ተገለበጠ። ቱፋን ብረት መታው፣ ውባየሁን ምስር። ለምስሩ ሜዳይ ተሰጠ፣ ለብረቱ ምንም።

ይባስ ብሎ ሁለቱም አምቦ አንድ ቀበሌ ገቡ። አጥራቸው እንኳ አንድ ነው። ስኳር እንደ ወርቅ በተወደደበት በዚያ ዘመን ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ፣ "የቁስለኛ ሜዳይ ያለው ወረፋ አይጠብቅም" ብሎ ወሰነ። ሜዳይ ያለው ውባየሁ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ኮቱን አስተኩሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ራሱ ይመጣ ነበር። ኋላ ሰለቸውና ሚስቱን ባየሽን ሜዳዩን ነጠላዋ ላይ ሰክቶ ላካት።

የሱቁ ሻጭ ሱልጣን ጭንቅላቱን አከከ። "ውሳኔው የሚለው ሜዳይ ያለው ነው። ይኸው አላት። እኔ ምን ልበል?" አለና መዘነላት።

ከዚያ ወዲያ ሜዳዩ እግር አወጣ። አራስ ያለበት ቤት ይዋሰዋል፣ ለቅሶ የተቀመጠ ይዋሰዋል፣ ጎረቤታቸው ከሪማ ልጇን ስትድር ሳምንት ሙሉ እሷ ጋ ሰነበተ። ውባየሁ እምቢ ማለት አይችልበትም፤ ሰጪነቱም ደስ ይለዋል። በቀበሌው ያልተዋሰው ሰው ቢኖር ቱፋ ነው።

"ኦቦ ቱፋ፣ ሜዳዩ ዛሬ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ ሰክተውት ይሂዱ" ትለዋለች ባየሽ ባጥሩ ቀዳዳ።

"የምስር ሜዳይ ደረቴ ላይ? ድስት መሰልኩሽ?"

እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። አንድ ቀን፣ በሰው ፊት፣ "አንተ ቁስለኛ፣ ወደ ፊት ና" እንዲባል። በሰው ሜዳይ ሳይሆን በገዛ እግሩ።

አንድ ቅዳሜ ስኳር መጣ ተባለና ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ተዘረጋ። ቱፋ እንደ ልማዱ ከጭራው ነው። ከፊቱ ሽማግሌው ኦቦ ኩምሳ ቆመዋል። ባየሽ ሜዳዩን እያብለጨለጨች በጎናቸው አልፋ ወደ መስኮቱ ገሰገሰች።

"በጃንሆይ ጊዜም ለቁስለኛ ሜዳይ ነበረ ይባላል" አሉ ኦቦ ኩምሳ። "ያኔ ዘውድ ነው፣ አሁን ኮከብ። ቁስሉ ግን ያው ቁስል ነው።"

"ለኔ ዘውዱም ኮከቡም አልደረሰኝም።"

"አንተማ ሽንትህ መጣ!"

በአካባቢው ያለው ሰው ሳቀ። ቱፋ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከፊት ያለው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከአውራጃው ሱቆችን ሊቆጣጠር የመጣ መቶ አለቃ እንግዳወርቅ የሚባል መኮንን፣ ስኳሯን ተቀብላ ዘወር ያለችውን ባየሽን አስቁሟል።

"ጓድ፣ በየትኛው ግንባር ነው የቆሰልሽው?"

ባየሽ ደነገጠች። አፍ ግን አላት። እጅጌዋን ሰብስባ የክንዷን ጠባሳ አሳየችው። "በምድጃ ግንባር ነው ጓድ መቶ አለቃ። እዚያ እስካሁንም ተኩስ አልቆመም።"

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። መቶ አለቃው ከንፈሩን ነክሶ፣ "ባለቤቱ ይጠራ!" አለ።

ውባየሁ ከሚሠራበት ምግብ ቤት ሽርጡን እንደታጠቀ እየሮጠ መጣ። ሸሚዝህን አውልቅ ተባለ፤ አወለቀ። ጀርባው የተጨማደደ ላስቲክ ይመስላል።

"ይሄ የእሳት ነው" አለ መቶ አለቃው። "ሜዳዩ ጠላት ላቆሰለው ነው እንጂ ማጀት ለተቃጠለ አይደለም። ምስክር አለህ? ከሌለህ ሜዳዩን ይዤ ነው የምሄደው።"

ውባየሁ ሸሚዙን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ሰልፉ በሙሉ ግን አንገቱን ወደ ጭራው አዞረ፣ ወደ ቱፋ።

ቱፋ ይህቺን ቀን ስንት ዓመት ጠብቋታል! "ምስር ነው!" ብሎ የሚጮህበትን ድምፅ ወፍጮ ቤት በር ላይ ብቻውን ተለማምዶታል። ቃሉ ምላሱ ላይ መጣ። ከዚያ አንድ ነገር ታሰበውና ቀዘቀዘ። ሜዳዩ ከቀበሌው ከወጣ፣ ነገ በማን ሊያማርር ነው? ሜዳይ የሌለበት ሰፈር ውስጥ ሜዳይ መነፈግ ምን ወግ አለው? ያን ጊዜ እሱም እንደማንኛውም ሸንካላ ሊሆን ነው። ደግሞም መድፉ ያው አንድ መድፍ ነበር። ይህን መካድ አልቻለም።

"እኔ አለሁ" አለ። "ከባድ መሣሪያ ነው የጣለን። እኔን በጉልበቴ፣ እሱን በጀርባው። አንድ ጉድጓድ አጠገብ ነው የወደቅነው።"

"ዱጋዳ፣ እውነቱን ነው!" አሉ ኦቦ ኩምሳ፣ ባልነበሩበት ጦር ሜዳ ሲመሰክሩ።

መቶ አለቃው ወደ ቱፋ እግር አየና፣ "ያንተስ ሜዳይ የታለ?" አለው።

ቱፋ ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀው ንግግር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰው ሁሉ ሲያየው ግን ንግግሩ ጠፋበት።

"ሽንት ቤት ነበርኩ" አለ።

አሁን መቶ አለቃውም አልቻለም፤ ቆቡን አውልቆ ሳቀ። ሲያበቃ ዓይኑን ጠረገና ሜዳዩን ከባየሽ ነጠላ ነቅሎ ለውባየሁ እጅ ሰጠው። "ከደረትህ አይውረድ። አንተ ደግሞ ቁስለኛ ሆነህ ከኋላ ምን ትሠራለህ? ወደ ፊት ና!"

ሰልፉ ገለል አለለት። ቱፋ ሄደ። እግሩ ከምትፈልገው በላይ እያነከሰ፣ ከዘራውን መሬት ላይ ቋ ቋ እያደረገ፣ ግራ ቀኙን ሰላም እያለ ሄደ። እንዲህ ዓይነት መንገድ ቶሎ ይጨረሳል እንዴ? መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሱልጣን ጆንያውን እያራገፈ ነበር።

"ኦቦ ቱፋ፣ ወላሂ አሁን አለቀ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሲያይ፣ እነዚህ ከፊት ያሉት ዝም ብለው ሲገዙ ነበር።"

ቱፋ በመስኮቱ አጮለቀ። "ምን ቀረ?"

"ጨው።"

"እንግዲያው ጨው መዝንልኝ" አለና፣ ጨዉን ሰው በሚያየው እጁ ይዞ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ማታ ላይ ውባየሁ ሜዳዩን እንደሰካ፣ ግማሽ ጣሳ ስኳር ይዞ ባጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለ።

"ቱፋ፣ ለምን ምስሩን አልነገርክብኝም?"

"ምኑን አወራለሁ? ጨው አልነበረውም እኮ።"

"አንተ መች በላኸው?"

"ፊቴ ላይ የተረጨውን ቀምሼዋለሁ" አለና ከጨዉ ቆንጥሮ በወረቀት ጠቅልሎ አቀበለው። "እንካ፣ ተማር።"

ከዚያ ስኳሩን ተቀብሎ ገባና ሻዩን ጠጣ። "ስኳሩ አንሷል" እያለ እስከ ዝቃጩ ጠጣው።