የእትዬ ኪኑ ስምንት በርጩማዎች

የሌላ ሰው ምሳ በልታችሁ ታውቃላችሁ? «ኧረ በጭራሽ!» ለማለት አትቸኩሉ። ኩዋባታ ሚትሱኤም ብትጠየቅ እንደዚያው ነበር የምትለው። ሌባ አይደለችም፤ ሆዳምም አይደለችም። ሆኖም ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ የሰው ምሳ ለሰው ስታስበላ ኖራለች፤ ያውም እየተመሰገነች።

ሥራዋ አስጎብኚነት ነው። ኦሳካን በምላሱ ማወቅ የሚፈልግ እንግዳ ሚትሱኤን ይቀጥራል። ባንዲራ ከፍ አድርገው አርባ ሰው እንደ መንጋ የሚነዱትን አጥብቃ ትንቃለች። እሷ የምትይዘው አንድ ወይም ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። ከትራሙ ፌርማታ ተነስታ ጣሪያ ወደለበሰው የገበያ መንገድ ታስገባቸዋለች፤ በጨው የታሸ ራዲሽ የሚባል ሥራ ሥር ታቀምሳቸዋለች፤ ኦክቶፐስ የሚባል የባሕር እንስሳ ሥጋ ያለበትን ምላስ የሚልጥ የሊጥ ድብልብል ከነእሳቱ አጉርሳ ሲንጨረጨሩ ትስቃለች። ምሳ ሲደርስ ግን ምንጊዜም እትዬ ኪኑ ጋ ነው።

የእትዬ ኪኑ ምግብ ቤት አንድ ባንኮኒና ስምንት በርጩማ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ይከፈታል፤ መረቁ ሲያልቅ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መጋረጃው ከበሩ ይወርዳል። የሚሸጠውም አንድ ነገር ነው፤ ከባሕር አረምና ከደረቀ ዓሣ በወጣ መረቅ የተዘፈቀ ወፍራም የስንዴ ኑድል፣ ከላዩ በስኳርና በአኩሪ አተር ስጎ የራሰ ጥብስ ቶፉ፣ ማለት ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ። ባዳ ሰው ዘው ብሎ የሚገባበት ቤት አይደለም። የሚያውቁት ሰው ይዞት መግባት አለበት፤ ይዞ የገባውም ላመጣው ሰው ጠባይ ተጠያቂ ነው። ሚትሱኤ የገባችው በአባቷ ስም ነበር። አባቷ ከበሩ ሦስተኛው በርጩማ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት በልተዋል።

ከባንኮኒው በላይ አንድ መደርደሪያ አለ። በላዩ ስምንት ቀጫጭን የእንጨት ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ስም በብሩሽ ተጽፏል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የአንድ ደንበኛ የራሱ የመብያ እንጨቶች አሉ። ሚትሱኤ ይህን ሳታሳይ ያለፈችው እንግዳ የለም። «እነዚህ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው» ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከቤታቸው ይልቅ እዚህ የበሉት ይበልጣል።» እንግዶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ፎቶ ያነሳሉ።

በዚያ ሰኞ የያዘቻት እንግዳ ግራሲዬላ ትባላለች፤ ከቺሊ የመጣች ጡረተኛ አስተማሪ ናት። ሚትሱኤ ደስ ብሏት ነበር። በቦርሳዋ ውስጥ የገበያ መንገዱ ነጋዴዎች ማኅበር ደብዳቤ ነበራ! ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሺባኖ በሕዝብ ፊት ሊያመሰግኗት ነው። ምስጋና ብቻም አይደለም። ከፊታችን ጸደይ ጀምሮ የእትዬ ኪኑን ጨምሮ በመንገዱ ላይ ያሉ አሥራ ሁለት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ወንበራቸውን ለአስጎብኚ እንግዶች ብቻ ይይዛሉ፤ የዚህ ሁሉ ኃላፊ እሷ ትሆናለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው፤ ጉልበቷ ያማታል። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለች?

«መጣሽ ደግሞ!» አሉ እትዬ ኪኑ ከእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ ብለው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። «ዛሬ ደግሞ ከየት ነው የጎተትሻት?»

«ከዓለም ጫፍ ነው እትዬ። አንድ ቀን ተኩል በአውሮፕላን።»

«አንድ ቀን ተኩል? ለኔ ኑድል? ሆድ እንጂ ራስ የላትም በያት።»

ሚትሱኤ አስተካክላ ተረጎመችላት። ግራሲዬላ ሳቀች፤ በላች፤ መረቁን ድምፅ አውጥታ መጠጠች። ከጎኗ ሁለት ወጣቶች ከሌላ አስጎብኚ ጋር ነበሩ፤ ከነሱ ወዲያ አራት ቱሪስቶች። ስምንቱም በርጩማ ሞልቷል። ሚትሱኤ መደርደሪያውን አሳየቻት፤ የተለመደውን ተናገረች። አስተማሪዋ ግን እጇን ደረቷ ላይ አላደረገችም። ሣጥኖቹን አየች፣ በርጩማዎቹን አየች፣ በጣቷ ቆጠረች።

«የት አሉ ታዲያ?» አለች።

«እነማን?»

«ባለ እንጨቶቹ። ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ነው፤ ሁሉም ወንበር ላይ እንግዳ ነው የተቀመጠው። እነሱ የት ነው የሚበሉት?»

«ማታ ማታ ይመጣሉ» አለች ሚትሱኤ ሳታስብ። ቤቱ ማታ እንደማይከፈት እሷም ታውቃለች፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አስተማሪዋም አይታዋለች። ግራሲዬላ ክፍል ውስጥ ሲዋሽ የያዘችውን ተማሪ እንደምታይ አየቻትና ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

እንግዳዋን ሸኝታ ሚትሱኤ ተመለሰች። መጋረጃው ወርዶ ነበር። ከሣጥኖቹ በአንዱ ላይ የተጻፈውን ስም አነበበች፤ ኢናጋኪ ይላል።

«እትዬ፣ ጋሽ ኢናጋኪ ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት መቼ ነው?»

እትዬ ኪኑ ድስት መፈግፈጋቸውን አላቆሙም። «እንጃ። ዓመት አልፎታል መሰለኝ።»

«ታመሙ እንዴ?»

«ምን ያማቸዋል! በበሩ ሣንቃ ቀዳዳ ሲያልፉ አያቸዋለሁ። መረቄ ሰለቻቸው። ሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ሲበላ ይሰለች የለ? ሌሎቹም እንደዚያው። አርጅቻለሁ መሰለኝ፤ የጨው ልኬ ጠፍቶኛል። ሰው ደግ ነው፤ ሣህኔን ፊቴ ላይ ከሚገፋ ዝም ብሎ ይቀራል።»

ሚትሱኤ እጇን ሰድዳ የኢናጋኪን ሣጥን አነሳች። ሣጥኑ ባረፈበት ቦታ ጣውላው ንጹሕ ነበር፤ ዙሪያው በዘይትና በአቧራ ጠቁሯል። ለስንት መቶ ሰው ነው ያሳየችው? አንድም ቀን አንስታው አታውቅም ነበር።

ጋሽ ኢናጋኪ ጡረታ የወጡ የትራም ሾፌር ናቸው። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከፌርማታው አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻቸው። ከሱቅ የገዙትን በፕላስቲክ የተጠቀለለ የሩዝ ድብልብል እየበሉ የሚያልፈውን ትራም ሰዓት በእጅ ሰዓታቸው ይለኩ ነበር።

«አርባ ሰከንድ ዘገየ» አሉ ቀና ሳይሉ። «የዛሬ ሾፌሮች! አንቺ ደግሞ እንግዳሽን የት ጣልሽው? ወይስ ዛሬ እኔን ልታስጎበኚ ነው?»

«ጋሼ፣ ለምን እዚህ ይበላሉ?»

«አየር አለዋ።»

«ቀዝቅዞ የደረቀ ሩዝ?»

«ጥርስ ያጠነክራል። ያሉኝም አራት ናቸው፤ እንዳይሰንፉ።»

አልሳቀችም። አጠገባቸው ተቀመጠች። በኦሳካ የማይባል ነገር የለም፤ የሰው ራሰ በራ፣ የሰው ትዳር፣ የሰው ውፍረት በአደባባይ ይቀለድበታል። «ወንበሬን ወስደህብኛል» ብቻ አይባልም።

«እትዬ ኪኑ ጋ ለምን ቀሩ? እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ፕላስቲኩን በጥንቃቄ አጣጠፉት። «አንድ ቀን ሁለት እንግዳ ይዘሽ መጣሽ። ቦታ አልነበረም። ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ እኔ ከሚቀጥለው ቅያስ ነው የመጣሁት። ማን ይነሳ? ተነሳሁ። አንቺም አጎንብሰሽ አመሰገንሽኝ።»

አስታወሰችው። ለእንግዶቹም «አያችሁ የኛን ሰው ትሕትና!» ብላ ነበር።

«ሌላ ቀን ደግሞ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ሙሉ ነው። ኪኑ አየችኝ። ፊቷ ቀላ፤ ይቅርታ ልትለኝ አፏን ስትከፍት ሮጥኩ። ደንበኛዋን ከበር ስትመልስ ደስ ይላታል? ከዚያ ሌሎች አስጎብኚዎች ያንቺን ስም እየጠሩ ተከትለው መጡ፤ በየቀኑ ሙሉ ሆነ። ገለጥ እያደረግኩ ከማሳፍራት መቅረት ይሻላል አልኩ። ቤቱም ሠራላት። ጥሩ ነው።»

«እሳቸው እኮ መረቃቸው የሰለቻችሁ ነው የሚመስላቸው። የጨው ልኬ ጠፍቶኛል ብለዋል።»

ጋሽ ኢናጋኪ ዞር አሉ። ትራም መጣ፤ ቆመ፤ ሄደ። ሰዓታቸውን አላዩትም።

«እንደዚያ አለች?»

«እንደዚያ አሉ።»

«የጨው ልኳ? አፌ ውስጥ ከሷ መረቅ ሌላ ጣዕም የለም እኮ! ይኼን ሩዝ ስበላ እንኳ… እንዳትነግሪያት። ከነገርሻት እንግዶቹን አስነስታ እኔን ታስቀምጣለች፤ በኔ ምክንያት ሰው ስታባርር አላይም።»

«ቃል አልገባልዎትም ጋሼ።»

ይህን ጨዋነት የሚያደንቅ ካለ ያድንቅ። አንዱ ለእንግዳ ክብር ተነሳ፤ አንዷ ለደንበኛ ክብር አልጠየቀችም፤ ሁለቱም በዚያው ክብራቸው ተለያዩ። አንዱ በአግዳሚ ወንበር ላይ ቀዝቃዛ ሩዝ ያላምጣል፤ ሌላዋ ሃምሳ ዓመት ያልሳተ እጇን ትጠረጥራለች። መሐላቸው ያለው መንገድ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም። እዚያ መሐል ደግሞ ሚትሱኤ ቆማ ስለ ሰፈሩ ፍቅር ትተርካለች! የሌላውን አገር ሰው ትሕትናችንን እያሳየን ስናስደምም፣ በዚያው ትሕትና ማን ከወንበሩ እንደተነሳ አንጠይቅም። መነሳት የሚያውቅ ሰው አይጮህም፤ ለዚህ ነው እሱን ማስነሳት የሚቀለው።

እስከ ሐሙስ ድረስ ሚትሱኤ እንቅልፍ አልወሰዳትም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ተኝታለች። ግን በነቃች ቁጥር አንድ ቀላል መንገድ ይታያት ነበር። ጉልበቴን አሞኛል ብላ ሹመቱን መመለስ ትችላለች። ሁሉም ሰው ነገሩ ጉልበት እንዳልሆነ ይገባዋል፤ ማንም አይጠይቅም፤ ሌላ አስጎብኚ ይሾማል፤ የቀሩት አሥራ አንድ ቤቶችም እንደ እትዬ ኪኑ ቤት ይሆናሉ። በዚህ የገበያ መንገድ ነገር የሚያልቀው ሁልጊዜ በሻይ ሰዓት፣ በትንሽ ክፍል፣ በሁለት ሰዎች መካከል ነው። ስብሰባ ለማጨብጨብ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ኪኑ ጋ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። ምንም አላስቀረችም፤ የአግዳሚ ወንበሩን፣ የሩዙን፣ ለእንግዶቿ የምትነግረውን ሁሉ። እትዬ ኪኑ በሥራ ሰዓት ተቀምጠው አይታቸው አታውቅም፤ ያን ቀን በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ።

«ይሄ ጅል ሽማግሌ» አሉ በመጨረሻ። «ቢጠራኝ ምን ነበረበት?»

«እርስዎስ ቢጠሯቸው?»

«አፍሽን ዝጊ» አሉና በሽርጣቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ተነስተው ስምንቱን ሣጥኖች አወረዱ፤ እንጨቶቹን አንድ በአንድ በሙቅ ውሃ አጠቡ፤ አደረቁ፤ በሰማያዊ ጨርቅ ጠቀለሉ። «ስብሰባው ላይ ልታወሪ ነው አይደል? ውሰጃቸው። ከነአቧራቸው ሰው ፊት አላዋርዳቸውም።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሥጋ ሻጩ፣ የሻይ ነጋዴው፣ የጫማ ጠጋኟ፣ የሌሎቹ ምግብ ቤቶች ባለቤቶች፤ በመጨረሻው ረድፍ ጋሽ ኢናጋኪ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። አቶ ሺባኖ ደህና ሰው ናቸው፤ የዚህ መንገድ ሱቆች አንድ በአንድ ሲዘጉ ያለቀሱ ሰው ናቸው። «ወይዘሮ ኩዋባታ መንገዳችን ላይ ነፍስ ዘሩበት!» አሉ። ተጨበጨበ። ማይክራፎኑን አቀበሏት።

ሚትሱኤ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

«ይሄ የእትዬ ኪኑ ደንበኞች የመብያ እንጨት ነው» አለች። «ስምንት ነው። አንዱ የአባቴ ነው፤ ሞተዋል። ሌላም አንድ የሞተ አለ። አንዷ ልጇ ጋ ቶኪዮ ሄዳለች። በነሱ ማንንም አልከስም። አምስቱ ግን እዚህ ሰፈር አሉ፤ ደህና ናቸው፤ ይርባቸዋል። ወንበራቸውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ወስጄም በባዶ ሣጥናቸው ተረት እየሸጥኩ ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ በቀሩት አሥራ አንድ ቤቶች ድገሚው ተብያለሁ።»

አንድ ሰው ሳል አለ። የሻይ ነጋዴው ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር። አቶ ሺባኖ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ጠጋ አሉ።

«ወይዘሮ ኩዋባታ፣ ከባድ ነገር ነው ያነሱት። በጣም ከባድ። ከስብሰባው በኋላ ቢሮ ገብተን፣ ሁለታችን ብቻ፣ ሻይ እየጠጣን…»

«ሻዩ ይቅርብኝ።»

«ሰው ፊት እኮ ነው…»

«እኔም ሰው ፊት ነው የተናገርኩት፤ የሚያሳፍረውን የራሴን። የዚህ መንገድ ወንበር ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ለእንግዳ ብቻ ይያዝ የሚለው ወረቀት ላይ ያለው ማኅተም የእርስዎ ነው።» ከኋላ በኩል አንድ ኮፍያ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም። ሚትሱኤ ማይክራፎኑን በሁለት እጇ፣ አጎንብሳ፣ መለሰችላቸው። ያለ ማይክራፎኑም ድምጿ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማ ነበር።

«የዚህ ሰፈር ሰው ከጸደይ ጀምሮ ምሳውን የት ይበላል? ቢሮ ውስጥ አይደለም አቶ ሺባኖ፤ እዚሁ፣ እነሱ እየሰሙ ይመልሱልኝ።»