ተጠርጎ የጠበቀን ኩሬ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። እዚያ ጥግ ያላችሁትም ወንበሩን ሳቡና ቅረቡ፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። የማወራችሁ ነገር ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ባነሣሁት ቁጥር ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል። መሐል ላይ ብቆጣ በእናንተ አይደለምና አትቀየሙኝ።

እንደምታውቁት ዕድሜዬን የጨረስኩት ባቡር ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ከከተማው እስከ መጨረሻው ጣቢያ ያለውን መንገድ ግን ዓይኔን ብትሸፍኑኝ እንኳ የቱ ጋ እንደደረስን በባቡሩ መንገጫገጭ እለየዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ደግሞ የቀን ጉዞ የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የከተማ ሰው በዕረፍት ቀኑ ጠዋት ወጥቶ፣ ንጹሕ አየር ተንፍሶ፣ ማታ ቤቱ እንዲገባ ያደርጋሉ። ጉዟቸው አካባቢን የማይጎዳ ነው። መኪና የለም፤ በባቡርና በእግር ብቻ። ፕላስቲክ የለም፤ ሁሉም ውሃውን በኮዳው ይይዛል፣ ቆሻሻውንም ይዞት ይመለሳል። ሐሳቡን ወደድኩት። አሁንም እወደዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሽማግሌው አዲስ ነገር ጠላ እንዳትሉኝ ነው።

አንድ ቀን ቤቴ መጣችና፣ "ጋሼ፣ ሰው የማያውቀው ጥሩ ቦታ ንገረኝ" አለችኝ።

"ሰው ስላላወቀው እኮ ነው ጥሩ የሆነው።"

"ተው እንጂ ጋሼ። አርባ ሰው ብቻ ነው።"

"አርባ ሰው ብቻ? ግማሽ ፉርጎ ሙሉ ሰው ይዘሽ እየመጣሽ?"

ሳቀች። ይህቺ ልጅ ስትስቅ እምቢ ማለት አልችልበትም፤ እናቷም እንዲሁ ነበረች።

አንድ ቦታ ነበረኝ። ሰባተኛው ጣቢያ ወርደው አንድ ሰዓት በእግር ሲሄዱ የሚገኝ ኩሬ ነው። ከላዩ ጉብታ አለ፤ ዙሪያውን ሸምበቆ ከቦታል፤ ሸምበቆው ውስጥ የዱር ዳክዬ ትፈለፍላለች። አጠገቡ አንዲት ቅርጫት ሠሪ ትኖራለች። ቅርጫቷን ተሸክማ በእኛ ባቡር ወደ ከተማ ስትመላለስ ነው የተዋወቅነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እጇና ሸምበቆው ናቸው የሚያኖሯት። አስተጫጨዷ ልዩ ነው። ጫጩቶቹ እናታቸውን ተከትለው ውሃ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ማጭድ አታነሣም። ያን ጊዜ ሸምበቆውም ይበስላል። ሳይበስል የታጨደ ሸምበቆ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ልትጎነጉነው ስትል እጇ ላይ ቀጭ ይላል።

ሄጄ ጠየቅኋት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እየጎነጎነች ቀና ሳትል ሰማችኝ።

"ወደ ውሃው ይወርዳሉ?"

"አይወርዱም። ጉብታው ላይ ቆመው አይተው ይመለሳሉ።"

"ቃልህ ነው፣ ትኬት ቆራጩ?"

"ቃሌ ነው።"

"እንግዲያው ይምጡ። ድምፃቸውን ግን ዝቅ ያድርጉ። ዳክዬዎቹ እንደ እኔ ናቸው፤ እንግዳ ሲንጫጫ አይወዱም።"

የእህቴ ልጅ የነገርኳትን አንድም ሳታስቀር ጻፈች። ማንም ወደ ውሃው እንዳይወርድ ብላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ቀኑ ደረሰ። አርባውም ሰው በሰዓቱ ባቡር ጣቢያ ተገኘ። የቢሮው ሥራ አስኪያጅም ነጭ ጫማውን አድርጎ፣ ካሜራውን አንጠልጥሎ አብሮ መጣ። መንገዱን ሙሉ "አባባ፣ አባባ" ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከፊት እየመራሁ ጉብታው ላይ ወጣሁ።

ኩሬው ተላጭቷል።

ሌላ ቃል የለኝም። የዚህኛው ዳር ሸምበቆ ከሥሩ ታጭዶ፣ መሬቱ ተቧጥጦ፣ እንደ ቤት ወለል ተጠርጓል። እርጥቡ ሸምበቆ አንድ ጥግ ላይ ተከምሯል። ጭቃው ላይ ወፍራም የመኪና ጎማ ሄዶበታል። መኪና የለም በተባለበት ጉዞ ማለት ነው። ከኋላዬ አንዱ፣ "እንዴት ያምራል፤ ውሃው ወለል ብሎ ይታያል" አለ። ሥራ አስኪያጁ ካሜራውን ደገነ።

ቅርጫት ሠሪዋ ክምሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ቀሚሷ እቅፍ ውስጥ የተሰበሩ ዕንቁላሎች አሉ። ቀስ ብዬ ወረድኩ።

"ሰው አይወርድም ብለኸኝ ነበር" አለችኝ።

ዞሬ ሥራ አስኪያጁን ጠራሁት። "ይሄን ማነው ያደረገው?"

"አባባ፣ ከጉዞ በፊት ቦታው ይጸዳል፤ አሠራራችን ነው። እንግዶቹ ደግሞ አልወረዱም። ቃላችንን ጠብቀናል።"

"እንግዶቹ አልወረዱም፤ አጫጆቹን ግን አወረዳችሁ።"

"ሣር እኮ ነው አባባ። ተመልሶ ይበቅላል።"

"ጢምህም ተመልሶ ይበቅላል። ከነቆዳህ ቢላጩህ ግን ዝም አትልም።"

በሠላሳ አንድ ዓመት ሰክሮ የሰደበኝ አለ፣ ያለ ትኬት ተሳፍሮ የገፈተረኝም አለ፤ እንደዚያን ቀን ሰውን ለመምታት አምሮኝ አያውቅም። እሱ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ "እናቴ፣ የሸምበቆውን ዋጋ እንከፍላለን" አለ።

"የዳክዬዋንስ ለማን ትከፍላለህ?" አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ያን ጊዜ የእህቴ ልጅ ከጉብታው ወረደች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ሠራተኞቹን የላክሁት እኔ ነኝ" አለች።

"ይሄ የቢሮ ጉዳይ ነው፤ ሰው ፊት አይወራም" አላት ሥራ አስኪያጁ።

አልሰማችውም። ከጉዞ በፊት የምትሞላው ቅጽ ነበራት፤ "ቦታው ተጠርጓል?" የሚል ጥያቄ አለበት። እሱ ካልተሞላ ጉዞው አይፈቀድም። ቦታውን አላየችውም፤ ከቢሮዋ ሆና ስልክ ደውላ፣ የኩሬው ዳር ይጽዳ አለች፣ ከዚያም ምልክት አደረገች። ሰዎቹም የታዘዙትን ሠሩ። ይህንኑ ወደ ጉብታው ተመልሳ ለአርባውም ሰው አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ዕንቁላሉንም፣ ሳይበስል የታጨደውን ሸምበቆም፣ ይህች ሴት ዓመቱን ያለ ቅርጫት እንደምትከርምም።

አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ "ታዲያ አሁን ምን እናድርግ?" ብላ ጠየቀች።

ቅርጫት ሠሪዋ መለሰችላት። "ተመለሱ። በዚያኛው ዳር ያልተነካ የዳክዬ ጎጆ አለ። እናንተ ቆማችሁ እናቲቱ አትመለስም።"

ተመለስን። ባቡሩ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ጥላ በሌለው ጣቢያ ተቀመጥን። አንዳንዱ "ለዚህ ነው በጠዋት የተነሣሁት?" እያለ አጉረመረመ። ጥፋቱ የነሱ እንዳልሆነ እያወቅሁ በነሱም ተናደድኩ። ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ሲጠርግ ነበር።

ባቡሩ ውስጥ ከእህቴ ልጅ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ጋሼ፣ ስደበኝ እንጂ" አለችኝ አራተኛው ጣቢያ ላይ ስንደርስ።

"ልሰድብሽ አፌን ስከፍት ራሴን ነው የማገኘው። በማላውቀው ቢሮ ስም ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወዲህ በዕረፍቷ ቀን ብቻዋን ወደዚያ ትሄድ ጀመር። መጀመሪያ ቅርጫት ሠሪዋ በሩን አልከፈተችላትም። ሁለተኛ ጊዜ ከፍታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በሦስተኛው፣ ከክምሩ ውስጥ ለሥራ የሚሆን ዘንግ ካለ እንድትለይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ሁሉ ክምር የተገኘው ለሁለት ቅርጫት አይበቃም። ያን ዓመት ሴትዮዋ የሰው ልብስ እያጠበች አለፈችው። በዚያኛው ዳር የነበረችው ዳክዬ አራት ጫጩት ይዛ ወጣች። በዚህኛው ዳር እስካሁን አንዲትም ዳክዬ ዕንቁላል አልጣለችም።

ቢሮውስ አትሉም? ቅጹ ላይ አዲስ ጥያቄ ጨመሩበት፤ "የአካባቢው ነዋሪ ተጠይቋል?" የሚል። እሱንም በስልክ ጠይቀው ምልክት ያደርጉበታል። ይሄን ስሰማ የተነሣብኝ ንዴት ነው እስካሁን ያልለቀቀኝ። የእህቴ ልጅ ግን ሥራውን ትታ ወጣች።

እናንተ ልጆቼ፣ ከከተማ ውጡ፤ አትውጡ አላልኩም። በባቡር ሂዱ፣ በእግር ሂዱ። ግን አንዳችሁ አስቀድማችሁ ሂዱና እዚያ የሚኖረውን ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጣችሁ ጠይቁት። እጁ ላይ ያለውን ሥራም እዩለት። ከነገርኳችሁ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ግድ የለም፤ ይቺን ብቻ አስታውሱልኝ።