የድንኳኖቹ ቧንቧ

ቧንቧ ሠራተኛው ያንን ቧንቧ የተከለ ቀን እንደ ሙሽራ ነበር የታጀበው። የሰፈሩ ብቸኛ ጤና ጣቢያ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው ሲባል ደጃፉ ላይ ድንኳን የጣሉ ሰዎች ናቸው ያጨበጨቡለት። አፍራሹ ማሽን ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ሰዎቹ እስካሉ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ከንቲባው ሳይቀሩ መጥተው፣ ካሜራ ፊት እጃቸውን ታጥበው፣ «ሕዝባችን መብቱን ሲጠይቅ ውሃ አንነፍገውም» አሉ። ቧንቧ ሠራተኛውን እናቱ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችው አክስቱ፣ ሰፈሩ በሙሉ እቴቴ የሚላት፣ ድንኳን ውስጥ ነበረች። «የኔ ልጅ ነው የተከለው!» እያለች ለሰማውም ላልሰማውም ስትናገር ዋለች።

ካሜራው ከሄደ በዐሥረኛው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ክፍል ኃላፊ ቧንቧ ሠራተኛውን አስጠራው።

«ዝጋው» አለው ሻዩን እያማሰለ።

«ምን ሆነ ልበላቸው?»

«ተበላሸ በላቸው። ውሃ በሌለበት ቦታ ሰው መስፈር አይችልም፣ ደንብ ነው። ዱላ የለ፣ ጭስ የለ፣ በሰላም ይሄዳሉ። ደግሞ አንተ ገና ቋሚ አልሆንክም፤ ደብዳቤህ እኔ ጋ ነው።»

ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አለ በሆዱ። መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሲደጋግም ሄደ። ሦስት ልጅ ያለው ግን እሱ ብቻ አልነበረም፤ ድንኳኑ ውስጥ ሞልቷል።

የቧንቧውን ጉድጓድ ክዳን አንስቶ ሲንበረከክ እቴቴ ጃንጥላዋን ይዛ ከተፍ አለች።

«ምን ሆኖ ነው ልጄ?»

«መስመሩ ተበላሽቶ ነው፣ እቴቴ። ከሰዓት እመለሳለሁ።»

«ቀስ በል፣ ወገብህን» አለችና ፀሐዩን ከለለችለት። ቫልቩን የዘጋው በእሷ ጥላ ሥር ነው። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ በኋላ ከምንም በላይ ያሳፈረው ይኼ ነው።

ከሰዓት አልተመለሰም። በማግስቱም አልተመለሰም። ጀሪካኖቹ ግን ተሰልፈው ጠበቁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኃላፊው አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ የጤና ተቆጣጣሪዎች አስከትሎ መጣ፤ ቧንቧ ሠራተኛውንም ጎትቶ አምጥቶታል። ከወረቀት ላይ አነበበ፦ ቦታው ውሃ የለውም፣ ይሸታል፣ ለነዋሪው ጤና ሲባል ይነሳ። ዐይንን በጨው ማጠብ ማለት ይህ ነው።

ከሰልፈኞቹ አንዱ፣ የሰፈሩ አስተማሪ፣ ብድግ አለ። «ራሳችሁ ዘግታችሁ ውሃ የለም ትላላችሁ? ይኼው ሰውዬ ነው የዘጋው!»

«ተው እንጂ!» እቴቴ ከሁሉም ቀድማ ጮኸች። «በእጄ ያሳደግኩት ልጅ ነው፣ ውሸት አያውቅም። በል ልጄ፣ ንገራቸው። ተዘግቶ ነው ተበላሽቶ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ኃላፊው ጫማውን ያያል። ቧንቧ ሠራተኛው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ ግን መሬት ለሰው ብላ አትከፈትም።

«ተበላሽቶ ነው» አለ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሁለት... ሁለት ሳምንት።»

እቴቴ ወደ ሰዎቿ ዞረች። «ሰማችሁ? ሕፃን ይዘን በውሃ ጥም አናልቅም። ሲጠገን እንመለሳለን፤ እሱ ራሱ ይጠራናል።» አስተማሪው እስኪደክመው ተከራከረ። ሰው ግን እሷን ያምናል፤ እሷ ደግሞ እሱን። እስከ እኩለ ቀን አንድም ድንኳን አልቀረም።

«ጎሽ!» አለው ኃላፊው ትከሻውን መታ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና፦ «ማሽኑ ነገ በጠዋት ይገባል። አንተም ደብዳቤህን ና ውሰድ።»

የእቴቴን ፍራሽ ተሸክሞ ወደ ቤቷ ሸኛት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ድንገት ቆመች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር አለ፤ ካልነገርኩህ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

አወቀች፣ ብሎ አሰበ፤ ደግሞም ቀለል አለው። ትስደበኝ፣ ትርገመኝ፣ ብቻ ይህ ሸክም ይውረድልኝ አለ በሆዱ።

«ያ አስተማሪ ሲናገር፣ ለአንዲት አፍታ፣ እውነት አንተ የዘጋኸው መሰለኝ። እኔ! ባሳደግኩት ልጅ! ምን ዐይነት ክፉ ልብ ነው የሰጠኝ? ይቅር በለኝ።»

ይቅር ሳይላት እንደማትራመድ ያውቃል። ፍራሹን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረው።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ እቴቴ» አላት።