አርባ ሦስት ደቂቃ

ሰፊዋ መልካም ወሬ ስትሰማ ቀድማ የምታየው ከኋላው ምን ተደብቆ እንደሚመጣ ነው። አዲስ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው ተብሎ ሰፈሩ በደስታ ሲንጫጫ፣ እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «መሠራቱንስ ይሠራል፤ የእኔ ልጅ ግን አትገባበትም» አለች።

ባሏ ሳቀ። «ገና ቦታው ሳይመረጥ ልጅቷን ከበር መለስሻት?»

«አንተ ሳቅ። ሳቁ ያንተ፣ ጭንቁ የኔ ተብሎ ነው የተጋባነው።»

ብትጨነቅ አይፈረድባትም። ልጇ አንደኛ ክፍል ናት፤ ክፍሉ ውስጥ ዘጠና አራት ልጆች አሉ። ወንበር ስላልበቃ ከኋላ ቦርሳዋ ላይ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። ሰሌዳው ስለማይታያት የምትገለብጠው ፊቷ ከተቀመጠው ልጅ ደብተር ነው፤ እሱ ሲሳሳት አብራ ትሳሳታለች። አንድ ቀን እናቷ ደብተሯን ብታየው የልጁን ስም ጭምር ገልብጣ አገኘቻት።

ከፊት፣ ከሰሌዳው ሥር፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ደግሞ የሙሽሪት ልጅ ነው።

ሙሽሪት የባሏ ታናሽ ወንድም ሚስት ናት። ከተዳረች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል፤ አማታቸው ግን እስከ ዛሬ «ሙሽሪት» ነው የሚሏት፣ ሰፈሩም ተከትሏቸዋል። ሰፊዋን «አንቺ» ይሏታል። ሁለቱ ልጆች የተወለዱት በአንድ ወር ነው። ጥርስ ያበቀለው ቀድሞ የሙሽሪት ልጅ ነው፤ የቆመውም፣ አፉን የፈታውም እሱ ነው። አማትየው ይህን ሁሉ ሲቆጥሩ ሰፊዋ ፈገግ ትላለች፤ አንጀቷ ግን ያርራል። እንደ እሷ አሳብ ጥርስ ቀድሞ ያበቀለ ልጅ ጥርሱ ቀድሞ ይወልቃል።

ስለ ትምህርት ቤቱ የተጠራው ስብሰባ በልጆቹ ክፍል ውስጥ ሆነ። ወላጆች ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተኮራምተው ተቀመጡ። ከመንግሥት የተላከው መሐንዲስ ካርታውን ሰሌዳው ላይ ለጠፈና ለትምህርት ቤቱ የታሰበው ቦታ የድሮው የጡብ ፋብሪካ ግቢ መሆኑን አሳየ። ለሰፊዋ ቤት ቅርብ ነው፤ ልቧ ትንሽ ዘለለ።

«ካርታ ላይ በማስመሪያ ብለካው ለወፍ ነው የሚሆነው፤ ልጅ ደግሞ አይበርም» አለ መሐንዲሱ። «ከየሰፈሩ ዳር ካለው ቤት ተነሥታችሁ፣ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይዛችሁ፣ እስከ ጡብ ፋብሪካው በእግር ሂዱና ደቂቃውን ጻፉልኝ።»

ይሄኔ ሙሽሪት አርፍዳ ገባችና ከሰፊዋ ፊት ተቀመጠች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ሰፊዋ አንዴ አየችው፤ በእሷ እጅ የተሰፋ አይደለም። ሌላ ሰው ጋ አሰፍታለች። ዓይኗ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ወረደ። አንድ የተዛነፈ ስፌት ፈለገች። ትከሻው ልክ ነው። ዚፑ አንድም ቦታ አልተጨማደደም። የታች ጠርዙን ቅምቅማት ለማየት እርሳሷን ሆን ብላ ጥላ ጎንበስ አለች፤ እሱም ቀጥ ብሏል። መሐንዲሱ ግን ንግግሩን አላቋረጠም ነበር። ከጆሮዋ የደረሰው «ከሠላሳ ደቂቃ በላይ የሚሆን ሰፈር ከተገኘ…» የሚለው ብቻ ነው። የቀረውን ቀሚሱ በላው።

ከሠላሳ በላይ የሆነማ ይቀራል ማለት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል አለች በልቧ።

«የታች ሰፈርን ማን ይለካል?» ተባለ። ዳገት ስላለው ሁሉም አቀረቀረ። የሙሽሪት ቤት እዚያ ዳር ላይ ነው። ሰፊዋ እጇን አወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ልጇን ይዛ ከሙሽሪት በር ተነሣች። ሙሽሪት ወጥታ ለልጅቷ ሙዝ ሰጠቻትና «እትዬ፣ ለኛ ብለሽ ስትደክሚ» አለቻት። ሰፊዋ ሰዓቷን አይታ መንገድ ጀመረች።

አንድ ጫማ አራት ጊዜ ታሰረ። ሙዙ ቁጭ ተብሎ ተበላ። ጉንዳን ሲሄድ ታየ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ በአቋራጩ ፈንታ ዙሪያውን ሄዱ።

«እማዬ፣ ለምንድን ነው የምንቆመው?»

«እንዳይደክምሽ ነው።»

«አልደከመኝም እኮ።»

«ይደክምሻል።»

ወረቀቱ ላይ «አርባ ሦስት ደቂቃ» ብላ በቆንጆ ጽሑፍ ጻፈች። ሌሊቱን ጥሩ እንቅልፍ ተኛች፤ ሳትጨነቅ ማደሯ ራሱ ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር።

በሳምንቱ እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። መሐንዲሱ ወረቀቶቹን አገላበጠና ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«ሁሉም ሰፈር ከሠላሳ በታች ነው፤ የታች ሰፈር ብቻ አርባ ሦስት ሆኗል። ባለፈው እንደነገርኳችሁ ከሠላሳ በላይ የሚሆን ሰፈር ከተገኘ ትምህርት ቤቱን ወደዚያ እናቀርባለን። ስለዚህ ጡብ ፋብሪካውን ትተን የታችኛውን ሜዳ እንወስዳለን።»

የታችኛው ሜዳ ያለው ከሙሽሪት አጥር ጀርባ ነው። ልጇ ለእረፍት ሲወጣ ከወጥ ቤቷ መስኮት ታየዋለች።

«ከጡብ ፋብሪካው በላይ ያለነውስ?» አለ የሰፊዋ ጎረቤት፣ ዳቦ ጋጋሪው።

«እናንተ ለአሮጌው ትቀርባላችሁ፤ እዚያው ትቆያላችሁ።»

 ለሰፊዋ ልጇ አራተኛ ክፍል ደርሳ፣ እግሯ ረዝሞ፣ እዚያችው ቦርሳ ላይ ተቀምጣ የሰው ስም ስትገለብጥ ታየቻት። ጉድጓዱን የማሰችው እሷ፣ የገባችበትም እሷ፤ ያውም ልጇን አዝላ። «ተሳስቻለሁ» ልትል አፏን ከፈተች። ቢጠይቋት ምን ትላለች? ነገ አማቷ ይሰማሉ። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ሙሽሪት ተነሣች።

«አርባ ሦስት አይሆንም እኮ። ልጄ እዚያ ኳስ ሊጫወት ሄዶ፣ የጣድኩት ባቄላ ሳይበስል ይመለሳል።»

«አንቺ ሴትዮ» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ «እኛ እምቢ ብንል ያባት ነው። ትምህርት ቤት በሩ ድረስ ሲመጣለት እምቢ የሚል ሰው ዛሬ አየሁ።»

«የሌላው ልጅ ቀርቶ ከሚመጣልኝ ይቅርብኝ» አለች። ወደ ሰፊዋ ዞረች። «ያን ቀን ልጅቷ ደክሟት ይሆናል። እትዬ ደግማ ትለካው፤ እሷ ጠንቃቃ ናት። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።»

ብትሰድባት ይቀላት ነበር። ስድብ ይመለሳል፤ ይህንን ግን በምን ይመልሱታል? ሰፊዋ በእሺታ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

በማግሥቱ ሦስቱም ከሙሽሪት በር ተነሡ። ሙሽሪት ያንኑ ቀሚስ ለብሳለች፣ ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም የያዘችው እሷ ናት። ልጅቷ ጥቂት እንደሄዱ እጇን ከእናቷ እጅ አስለቅቃ የሙሽሪትን ያዘች። ሰፊዋ ባዶ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ይኼ ብቻ ነበር የቀራት።

አቋራጩን ይዘው፣ ዳገቱን ወጥተው ጡብ ፋብሪካው በር ሲደርሱ ሙሽሪት ሰዓቷን አየች። «ሃያ ሦስት።»

«ዛሬ ፈጠንን» አለች ልጅቷ። «ያን ቀን ጫማዬን አራት ጊዜ አሠርን። ጉንዳንም አየን።»

ሰፊዋ የዛገውን የበሩን ሰንሰለት ታይ ጀመር።  ወረቀቱ ላይ የቀድሞው ቁጥር ሲሰረዝ የሚሞላ፣ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ሙሽሪት ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አርባ ሦስትን ሰረዘችና ከጎኑ «የጫማ ክር» ብላ ጻፈች።

«ይበቃል?» አለች።

«ይበቃል» አለች ሰፊዋ።  በዚህም በለጠችኝ እያለች ነበር በልቧ።

ሙሽሪት እናትና ልጇን እስከ ቤታቸው ልትሸኝ አብራቸው ሄደች። ሙሽሪት ሳትዞር፣ «ይቺን ቀሚስ ስታዪያት አይቻለሁ» አለች። «ጨርቁን ይዤ መጀመሪያ አንቺ ጋ ነበር የመጣሁት። ሥራ በዝቶብኛል ብለሽ መለስሽኝ።»

ሰፊዋ አስታወሰች። ያን ቀን መኪናዋ ላይ ምንም አልነበረም፤ ሙሽሪት እስክትርቅ ድረስ ባዶውን አሽከርክራዋለች።

ልጅቷና ሙሽሪት እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀደሙ። ሰፊዋ ከኋላ ስትከተል ዓይኗ እንደ ልማዱ ቅምቅማቱ ላይ ወረደ። ከቀኝ ጎን፣ ስፌቱ ከሚጋጠምበት ላይ፣ አንድ ክር ተመዝዞ ወጥቷል። ሌላ ሁለት እርምጃ ቢጎተት ቅምቅማቱ ዙሪያውን ይተረተራል። ልቧ በደስታ ዘለለ። ትንሽ ተራመደች፤ ክሩ እሾህ ነክቶ ረዘመ። ሌላም ተራመደች።

«ቁሚ» አለች።

ተንበረከከችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ ጫፉንም ጠቅልላ ወደ ውስጥ አስገባችው።

«ለጊዜው ነው እንጂ አይዝም። ማን እንደሰፋው ባላውቅም፣ ሲጨርስ ክሩን አልቋጠረም። እኔ ቤት ግቢና ልስፋልሽ።»

«ሥራ አልበዛብሽም?»

«በዝቶብኛል» አለች ሰፊዋ፣ ከጉልበቷ ላይ አፈር እያራገፈች። «ነይ ግቢ።»